በጭላዳ ላይ ሃያ ሦስት ነበርን

ጥር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ነፋስ ከምሥራቅ፣ ብርቱ። ሰማይ ጥርት ያለ። ሌሊቱን ውርጭ።

ከባሕር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወር ቀርቶታል፤ እጄ ግን እስካሁን ነፋሱን ሳያስቀድም ቀን መጻፍ አይሆንለትም። የመርከብ መዝገብ ያዥ የነበረ ሰው ልማዱ ነው። እህቴ እስከዳር በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አይታ "ነፋሱን ደግሞ ማን እንዳይሰርቅህ ነው የምትመዘግበው?" አለችኝ። ከሞላሌ ወዲህ ነፋስ የሚሰርቅ ሌባ ቢገኝማ መርቀን በሸኘነው ነበር።

ዛሬ ሚካኤልን ወደ መንበሩ አስገብተን ስንመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ደብዳቤ ሰጠኝ። ከኮማንደር መርስዔ ኃዘን ነው፤ የመርከባችን አዛዥ ከነበሩት። አዲስ አበባ ያሉ የቀድሞ ባሕረኞች ተሰባስበው የየመርከባቸውን የአገልግሎት ታሪክ እያስጻፉ ነው። "መዝገቡን የያዝኸው አንተ ነህ፤ ከተረከብናት ቀን እስከ መጨረሻዋ ድረስ ጻፍልኝ" ይላሉ። መዝገቡ ራሱ ደርግ ሲወድቅ ሸሽተን በገባንበት የየመን ወደብ ላይ ከመርከቧ ጋር ቀርቷል። ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው።

ደስ አለኝ። እዚህ "ባሕረኛው" ይሉኛል፤ እንደ ተናጋሪው ማዕረግም ስድብም ይሆናል። ሰው ከልቡ ስለ መርከቧ ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደብተር ገዛሁ። ከፊቱ የመርከቧን ታሪክ፣ ከኋላው የራሴን ነገር እጽፍበታለሁ።

ጥር 16፣ ዓርብ

ነፋስ እንደ ትናንቱ።

ታሪኩን ጀመርሁ። መርከቧ በወረቀት ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። "ጭላዳ" ያላት ጌጡ ነው። አንድ ዓመት ስንቀባት ግራጫው ቀለም አልቆ ደረቷ ላይ ቀዩ የዝገት መከላከያ ብቻ ቀረ፤ ጌጡ ራቅ ብሎ አያት፣ አያትና "ይቺማ የጓሳ ጭላዳ ናት! ደረቷ ቀይ፣ አፏ ጩኸታም፣ አዳሯ ገደል አፋፍ" አለ። ከዚያ በኋላ አዛዡ ሳይቀሩ ጭላዳ አሏት።

ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን። ከሃያ ሦስቱ የመንዝ ሰዎች እኔና ጌጡ ብቻ። ቤታችን ከእነጌጡ ቤት ድምፅ እስከሚያሰማ ድረስ ነው የሚርቀው። በ1975 በአንድ ቀን ባሕር ኃይል ተመዘገብን፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስሁ ሬዲዮና መዝገብ ሰጡኝ፣ እሱ ገመድና ቀለም ደረሰው። ለምጽዋ ሙቀት እናቱ የፈተሉትን የሱፍ ባና፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ ተሸክሞ ሲመጣ መርከቡ ሁሉ ተንከተከተበት። እሱ ምን ገዶት! አጣጥፎ ተንተራሰው።

አንድ ጊዜ ዳህላክ አጠገብ የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ ወደ መጠገኛዋ ስትገባ ፊት ፊት እየሄድን መንገድ እንድንመራ ታዘዝን። ጥቁር ጀርባዋ ከውሃው ብቅ ሲል ጌጡ አማተበ። ሰው ውስጧ እንዳለ፣ ወር ሙሉ ፀሐይ ሳያይ እንደሚከርም ነገርሁት። "እዚያ ውስጥ የሞተ ሰው ለናቱ ምኑ ይመጣላታል?" አለኝ። "እኔ ከሞትሁ ከላይ ልሙት። የምታለቅስበት ነገር አያሳጣት።"

ይህን ለኮማንደሩ አልጽፍም። የመርከቧ ታሪክ አይደለም።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሊመሽ ነው። ቶሎ ልጻፍ።

የመሬት ድልድሉ ቀበሌያችን ደረሰ። መጻፍ ስለምችል የኮሚቴው ጸሐፊ አድርገውኛል፤ ሊቀመንበሩ አቶ ፈለቀ ናቸው። ከቤት ቤት እየዞርን በየቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ እንመዘግባለን። መሬት የሚሰጠው በሰው ልክ ነው። የተረፈው መሬት ለሌላቸው ይሰጣል። መሬት የሌላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ አንደኛው ስም የእኔ ነው፤ የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

ዛሬ እማማ ወለተጊዮርጊስ ቤት ገባን። የጌጡ እናት ናቸው። በዚህ ደብር የሳቸውን ያህል ሱፍ የሚፈትል የለም። ገበያ ላይ አንድ ጥቅል ፈትል አንስተው "ይህስ የማዶዋ የእገሊት ነው፤ አውራ ጣቷን አሟታል" ይላሉ፤ ሲጣራም እውነት ሆኖ ይገኛል።

"እዚህ ቤት ስንት ነፍስ አለ?" አሉ አቶ ፈለቀ።

"ሁለት። እኔና ጌጡ።"

"ጌጡ የት ነው እማማ?"

ከመሶቡ ክዳን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። እንዳነበው።

አነበብሁት። መርከበኛ ጌጡ የካቲት 9 ቀን 1982 ዓሰብ ላይ ከመርከብ ወርዶ አልተመለሰም፤ እንደ ጠፋ ተቆጥሯል። ማኅተም አለበት።

"ሰማችሁ?" አሉ እማማ። "ጠፋ ነው የሚለው። የጠፋ ይገኛል። የማይገኝ የሞተ ነው።"

አቶ ፈለቀ ክፉ ሰው አይደሉም። አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ልጁ በሕይወት ስለመኖሩ እስከ መጋቢት ማለቂያ ምስክር ወይም ደብዳቤ ካልመጣ ቤቱ በአንድ ነፍስ እንደሚቆጠር፣ ከወንዙ በላይ ያለው ማሳም እንደሚነሳ ነገሯቸው። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንተ አብረኸው ነበርህ። መስክርልኝ እንጂ።"

"እስከ ዓሰብ አብረን ነበርን" አልሁ።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ነፋስ የለም። ለበልግ የሚሆን ደመና እንኳ የለም።

የመርከቧን ታሪክ ቀጠልሁ። ጥር 1982፦ ምጽዋ ላይ ነን። ጥር 30፦ የሬዲዮው ክፍል በጥይት ፍንጣሪ ተመታ፤ ሬዲዮው ዝም አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከማንም ጋር አልተነጋገርንም። የካቲት 1፦ ከተማው ውስጥ ውጊያ። የካቲት 2፦

እዚህ ላይ እርሳሴ ደነዘ። ነገ እቀርጸዋለሁ።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሰባት ዓመት።

ቅዳሴ ሄድሁ። እማማን በሴቶቹ በር ቆመው አየኋቸው። ከደጀ ሰላሙ ስወጣ ጠብቀው "በዚህ ወር ነው የጠፋብኝ። እስቲ ሚካኤልን ለምንልኝ፣ ያንተን ይሰማል፤ አንተን መልሶ የለም?" አሉኝ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍሁት የት ልጽፈው ነው? ጌጡ ዓሰብ አልደረሰም። የካቲት 2 ቀን ማለዳ ምጽዋ ወደቡ ግንብ ላይ ሞቷል። መርከቧ ከግንቡ የምትለቀው የኋላው ገመድ ሲፈታ ነው፤ የሚፈታውም ሰው መሬት ላይ ቆሞ ነው። እሱ ፈታው። እኛ ወጣን። መድፍ መጣ። ዓሰብ ስንደርስ ሃያ ሁለት ነበርን፤ መዝገቡ ግን ሃያ ሦስት ገብተዋል ይላል። በዚያ ዘመን ሰው ጥሎ የመጣ አዛዥ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ኮማንደሩ ጠሩኝና "ዓሰብ ድረስ መጥቶ ጠፋ ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ጻፍሁ። ለቤተሰቡ የሚላከውንም ወረቀት እኔ ጻፍሁ። በ1985 ከየመን ስመለስ እማማ ሮጠው አቅፈው ስመው መጀመሪያ ያደረጉት ያንኑ ወረቀት እጄ ላይ ማስቀመጥ ነበር። የገዛ ጽሕፈቴን አነበብሁላቸው። ያነበብሁላቸውን ጊዜ ብዛት አላውቀውም።

የዚያን ቀን የገመዱ ተራ የእሱ ነበር። እኔ ሬዲዮ ላይ ነበርሁ። ሬዲዮ ይዞ ገመድ መፍታት አይቻልም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

እስከዳር በግ ስታስገባ፦ "ወንድምአገኝ፣ ያቺ ከወንዙ በላይ ያለችው ማሳ ላንተ ትደርስሃለች ይላሉ። እውነት ነው?"

"የእማማ ናት።"

"የጌጡ ድርሻ ናት። ጌጡ ደግሞ ይኸው ሰባት ዓመቱ። እኔ እንዲያው ክፉ ሴት ሆኜ አይደለም። እስከ መቼ በእህትህ ጎታ ትኖራለህ? ሠላሳ ስድስት ዓመትህ ነው። ማን ልጁን ይሰጥሃል?"

እውነቷን ነው። ይህ ነው ጉዱ። ዝም ካልሁ እማማ በውሸት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ብናገር ማሳው የእኔ ይሆናል፤ አገሩ ሁሉ "ለመሬት ብሎ የሰው ልጅ ገደለ" ይላል። ስለዚህ ዝም ማለቴ ለስሜም ለእማማም ይሻላል ብያለሁ።

ብያለሁ እንግዲህ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ከኮማንደሩ መልስ መጣ። እስከ ምጽዋ የጻፍሁትን ልኬ ጌጡን እንዴት አድርጌ ልጻፍ ብዬ ጠይቄ ነበር። "በመዝገቡ እንደተጻፈ ይቆይ። እኔም አንተም ዕድሜያችን ሄዷል፤ የሞተን ነገር መቆስቆስ ለማን ይጠቅማል? ስለ ሰርጓጇ አጀባ የጻፍኸው ግን እጅግ ጥሩ ነው።"

አጀባውን በእርግጥ ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ነፋስ ከሰሜን። ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን።

እማማ አስጠሩኝ። ለቀይ መስቀል ደብዳቤ እንድጽፍ፤ በየመን፣ በጅዳ ይፈልጉልኝ ብለው። ባለፉት ዓመታት ሦስት ጽፌላቸዋለሁ። አራተኛው ነው። እንዝርታቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡና ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

"ስሙ የቱ ነው?" አሉኝ።

"ይኸው፣ ጌጡ።"

"እስቲ ደግመህ ጻፍልኝ።"

ጻፍሁ።

"እንደገና።"

ሦስተኛውን ጻፍሁ። እማማ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ማንበብ አይችሉም። እንዳይችሉ ያደረገ አምላክ ይመስገን አልሁና ወዲያው አፈርሁ።

"አመሰግናለሁ ልጄ" አሉኝ። ሽሮ አበሉኝ። ስሄድ እስከ በሩ ሸኝተው "አንድ ቀን ትነግረኛለህ" አሉ። ምኑን ብዬ አልጠየቅሁም። የመርከቧን ታሪክ ማለታቸው ይሆናል።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ግዝት።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሕዝቡ አትሂዱ ተባለ። ወለተጊዮርጊስ ስለ ልጃቸው ግዝት አስነግረዋል አሉ። እማማ ከቄሱ እግር ሥር ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ቄሱ ድምፃቸው የሚርድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ግን አልራደም። "የዚህችን እናት ልጅ ያለበትን እያወቀ የደበቀ፣ አይቶ ዝም ያለ፣ ሰምቶ ያልተናገረ ቢኖር፣ እስኪናገር ድረስ በሰማይም በምድርም የታሰረ ይሁን!"

"አሜን" አለ ሕዝቡ።

እኔም አሜን አልሁ። ከንፈሬ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄን ሰማሁት።

መጋቢት 9

እህል አልወርድ አለኝ። እስከዳር ጾሙ ነው ብላለች።

መጋቢት 13

መዝገቡን ስሠራ ዋልሁ። የመቶ አርባ ስድስት ቤት ነፍስ። አንድም አልተሳሳትሁም። የእማማን ገጽ ዘልዬ አልፋለሁ።

ተራው የእሱ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁት። ሬዲዮ ላይ ነበርሁ ብዬም ጽፌያለሁ። ከሱ በፊት ባለው ገጽ ሬዲዮው ከሁለት ቀን በፊት እንደሞተ ጽፌያለሁ። ባሕረኛ ሆይ፣ ሲዋሹ እንኳ ገጽ መቁጠር ነው።

መጋቢት 18

ቄስ ኪዳነ ወልድ ዘንድ ሄድሁ። ሰው ነበረ፤ ተመለስሁ።

መጋቢት 19

ሰው አልነበረም። ተመለስሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ነፋስ አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት ጎታው ሥር ያለውን ማዳበሪያ ፈትቼ ባናውን አወጣሁ። የጌጡን ባና። መርከቧ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የመን ድረስ ይዤው ሄጄ፣ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ለብሼው፣ ተሸክሜው መጥቼ አራት ዓመት ደብቄዋለሁ። በጋቢዬ ሥር አድርጌ ወረድሁ።

እማማ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ሆነው ይፈትላሉ። ሳያዩኝ "ናና ተቀመጥ" አሉ። አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ልቅደም። አንተ ፈሪ ነህ፤ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ያንን ወረቀት የጻፍኸው አንተ ነህ።"

ባናውን በጋቢዬ ሥር አጥብቄ ያዝሁት።

"ፊደል አልቆጠርሁም። ግን ፊደል ምንድን ነው? ጥቁር ፈትል ነው። የማን እጅ እንደፈተለው አይጠፋኝም። የመጀመሪያውን የቀይ መስቀል ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ከወረቀቱ ጎን አስተያየሁት፤ የአንድ እጅ መሰለኝ። ሁለተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛውን አየሁ። ባለፈው ስሙን ሦስት ጊዜ ያስጻፍሁህ ለዚያ ነው። መስመሩን ስትጨርስ ወደ ታች ትስባለህ፣ ክር እንደሚያልቅበት ሰው።"

"እማማ..."

"ቆይ። ሁለት ዓመት አሰብሁበት። ለምን ይጽፈዋል? ብዬ። በኋላ ገባኝ። ልጄን አስመልጠኸው ነው። በዚያ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ፣ አንተ ጠፋ ብለህ ሸፍነህለት። ያለበትን ታውቃለህ። ትፈራለህ እንጂ ታውቃለህ። ግዝቱን ያስነገርሁት ላንተ ነው፤ እንዳትፈራ። ያ መንግሥት ሄዷል፤ አሁን የሚነካው የለም፤ ይምጣ በልልኝ።" ፊታቸው በርቶ ነበር። ከየመን ከተመለስሁ ወዲህ እንደዚያ በርተው አላየኋቸውም። "ወልዷል? ምነው አትናገርም? ሚስት አግብቷል?"

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያን ጊዜ "አዎ፣ ወልዷል" ልል ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

ጋቢዬን ገለጥሁና ባናውን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት።

አላለቀሱም። ጠርዙን አንስተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ በጠርዙ ትንሽ አለፍ ብለው እንደገና አሹት፤ ጥግ እስኪደርሱ። ጥጉ ላይ አንድ የተቋጠረ ቦታ አለ። "እዚህ ጋ ክሩ ተበጥሶብኝ ነበር" አሉ። "ቸኩዬ ቋጠርሁት። ሊሄድ ሲል።"

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገርሁ። የገመዱ ተራ የእሱ እንዳልነበረ፤ የእኔ እንደነበረ። "ሬዲዮ ላይ ነኝ፣ አንተ ውጣልኝ" እንዳልሁት፤ ሬዲዮው መሞቱን እሱም እንደሚያውቅ፣ አውቆም ስቆብኝ "እሺ፣ ፈሪው የመንዝ ልጅ" ብሎኝ እንደወጣ። ገመዱን ፈትቶ እንደጣለልን። የኋላችን ከግንቡ ጥቂት ክንድ እንደራቀ፤ አንድ ጊዜ ጠጋ ብንልለት ዘሎ ይገባ እንደነበር። ኮማንደሩ ከላይ "ሁሉም ገባ?" ብለው እንደጮሁ።

"ማን መለሰላቸው?" አሉ እማማ።

"እኔ።"

"ምን አልህ?"

"ገባ አልሁ።"

ግንቡ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ነበር። ስሜን ጠራ። መድፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጢሱ ሲገለጥ የቆመበት ግንብ ራሱ አልነበረም።

እማማ ባናውን አጣጠፉ። ቀጥ አድርገው፣ አራት እጥፍ። "ስምህን ጠራ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እናቴ አላለም?"

"አልሰማሁም።"

"ሂድ" አሉኝ። "መርዶዬን ለቄሱ ንገር። በወጉ በጠዋት ሰው ይዘው ይምጡ። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ።"

መጋቢት 28፣ እሑድ

መርዶው ዓርብ ተነገረ። ዛሬ ለቅሶው ነው። አስከሬን ስለሌለ ደጁ ላይ አልጋ ወጣ፤ አልጋው ላይ ባናው ተነጠፈ። ከጓሳ ሥር ካሉት ሰፈሮች ሳይቀር በፈረስ መጡ። አልቃሿ ባናውን እያየች ሙሾ ስታወርድ ወንዱ ሁሉ አነባ። ጌጡ "የምታለቅስበት ነገር አያሳጣት" ብሎ ነበር። ነገሩ እንደ ቃሉ ሆነለት፤ የሰጠሁት ግን በሰባት ዓመቱ ነው።

ቄስ ኪዳነ ወልድ ከግዝቱ እንዲፈቱኝ ለሕዝቡ ራሴ መናገር ነበረብኝ። ተናገርሁ። ተራውንም፣ "ገባ" ማለቴንም። አንድ ሰው ከኋላ "እስከ ድልድሉ ድረስ አፉን ማን ይዞት ነበር?" ሲል ሰማሁ። ማንም ዝም በል አላለውም።

እስከዳር ቤት ስንገባ እራት አቀረበችልኝ። የራሷን ይዛ ሌላ ጥግ ሄዳ በላች።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ቀን። የመርከብ መዝገብ ሕግ አለው፦ አይፋቅም፣ አይደለዝም። የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ትክክሉ ከላዩ ይጻፋል፣ የጻፈው ይፈርማል። ስምንት ዓመት ያህል ለሌላው ሳስተምረው የኖርሁት ሕግ ነው።

በእማማ ገጽ "ጌጡ" ላይ አንድ መስመር አሰመርሁ። "የካቲት 2 ቀን 1982 ሞቷል" ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ።

ለአቶ ፈለቀ ስሜን ከመሬት አልባዎቹ ዝርዝር እንዲያወጡልኝ ለመንኋቸው። "ዝርዝሩ ጸድቆ ሄዷል" አሉኝ። ከዚያም ዝቅ አድርገው "ብትወስደውም ባትወስደውም የሚሉህን ይሉሃል" አሉ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ማሳው ለእኔ ተለካ። የመለኪያውን ገመድ አንደኛውን ጫፍ አቶ ፈለቀ ያዙ፣ ሌላውን እኔ እንድይዝ ሰጡኝ። ለሌላ ሰው አቀበልሁት።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ሕማማት። ሥራ የለም። የመርከቧን ታሪክ ጨረስሁ፤ የመን ወደብ እስከቀረችበት ቀን ድረስ። ሰርጓጇን ያጀብንበትን በሁለት መስመር አሳጠርሁት። ለኮማንደሩ እንዲህ ብዬ ልኬዋለሁ፦

"የካቲት 2 ቀን 1982፣ ማለዳ፣ ምጽዋ። ነፋስ ከሰሜን፣ ቀላል። የኋላውን ገመድ የፈታው መርከበኛ ጌጡ ነው። ተራው የመዝገብ ያዡ የወንድምአገኝ ነበር። ሁሉም ገባ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ገባ ብሎ የመለሰው ይኸው መዝገብ ያዥ ነው። አልገባም ነበር። ከወደቡ የወጡ ሰዎች ብዛት ሃያ ሁለት።"

መልስ የሚጽፉልኝ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ነፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። ደመና አለ።

ዳግማይ ትንሣኤ ትናንት አለፈ፤ ዛሬ ሥራ ተጀመረ። አንዱን በሬ ከእስከዳር፣ ሌላውን ከቄስ ኪዳነ ወልድ ወስጄ ከወንዙ በላይ ወዳለው ማሳ ሄድሁ። ለእማማ ላርስላቸው ወስኜ ነበር። እህሉን ጎታቸው ውስጥ እገለብጣለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም፣ እኔም ትንሽ እተነፍሳለሁ ብዬ።

ሁለት ትልም እንዳወጣሁ እማማ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ እንዝርታቸውን አልያዙም። ድንበሩ ላይ ቆሙ። በሬዎቹን አቁሜ ሄድሁ።

"እህሉ የእርስዎ ነው እማማ" አልሁ። "እኔ ጉልበቴን ብቻ ነው።"

"እህሉን አልፈልገውም።"

"ታዲያ እዚህ ማሳ ላይ ምን ልሁን?"

ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። እንዳነብላቸው መስሎኝ ልገልጠው ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንተ ነህ የጻፍኸው፤ አንተው ያዘው" አሉ። ከዚያ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ያወጣኋቸውን ሁለት ትልሞችም አዩ።

"ሰባት ዓመት በልጄ ቦታ ኖርህ" አሉኝ። "አሁን ደግሞ በልጄ ቦታ እረስ። እኔ ከደጄ ሆኜ አይሃለሁ። ክረምት ከበጋ አይሃለሁ።"

ልጄ አላሉኝም። ከዛሬ በፊት ልጄ ሳይሉ ሸኝተውኝ አያውቁም ነበር።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ በሬዎቹ ተመለስሁ። ቤታቸው ከማሳው ይታያል። እስኪመሽ አረስሁ፤ በየትልሙ ጫፍ በሬዎቹን ባዞርሁ ቁጥር እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።